ኮዱን እኛ እንጠብቅ፣ አሻራችንንስ ማን ይጠብቅልን?

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን "የካናዳ ፕሮሰስ እናፋጥናለን፣ በኤምፔሳ ላኩ" የሚል መልእክት በየቴሌግራም ግሩፑ እየዞረ ነው። ሌብነት ነው። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በሙሉ ነጻ ነው፤ ሪሴትልመንት አይሸጥም። በስልካችሁ የመጣ ኮድም ለእናታችሁ ልጅ እንኳ አትስጡ።

ግን የሳይበር ወንጀል በተነሳ ቁጥር እኛን "ተጠንቀቁ" ብሎ መሸኘት አይዋጥልኝም። በጃንዋሪ 2022 ይፋ እንደሆነው፣ ሰርጎ ገቦች የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰርቨር ውስጥ ገብተው ከ515,000 በላይ ሰዎችን መረጃ አግኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ኮድ ለማንም አልሰጡም። ብዙዎቹ በጦርነትና በስደት የተለያቸውን ዘመድ ሊፈልጉ ስማቸውን ያስመዘገቡ ናቸው። (ኮሚቴው ሳይደብቅ መናገሩን ግን አመሰግናለሁ።)

እኛስ? አሻራችን፣ የዓይናችን ስካን፣ በኢንተርቪው የተናገርነው ሁሉ ፋይል ውስጥ ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ያንገበግባል፣ ተሠርቶ ይተካል። ፋይላችን ከሸሸነው ሰው እጅ ከገባ ግን የሚከፍለው አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ነው። አሻራ ደግሞ እንደ ሲም ካርድ አይቀየርም።

የዩኤንኤችሲአር የ2015 የመረጃ ጥበቃ ፖሊሲ ስለ መረጃችን የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አውጥቼ እጠይቃለሁ፦ ፋይላችን ለማን ይተላለፋል? ቢሰረቅስ ትነግሩናላችሁ? የካኩማ ልጆች፣ እናንተም ጠይቁና መልሱን እዚሁ ጻፉልኝ።