የእንግሊዝኛን ቃል በዓይን ሳይሆን በጆሮ እንቁጠር

ዛሬ ሐሳቤን የምሰጠው ስለ ሲላብል ነው።

ሲላብል ማለት አንድን ቃል ስንጠራ በአንድ ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው የድምፅ ቁራጭ ነው። አማርኛ ግጥም ስንማር «ቀለም» የምንለው ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሲላብል ውስጥ አንድ የአናባቢ ድምፅ አለ።

እኔ እንደሚመስለኝ እንግሊዝኛ ማንበብ ከሚከብደን ምክንያት አንዱ ፊደል በዓይናችን ስለምንቆጥር ነው። በአማርኛ «አበባ» 3 ፊደል ነው፤ ስንጠራውም 3 ቀለም ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛም ፊደል ሁሉ ለብቻው የሚጠራ ይመስለናል። ግን እንደዚያ አይደለም። «ስኩል» ሲጻፍ 6 ፊደል ነው፣ ሲላብሉ ግን 1 ብቻ ነው። እኛ «እስኩል» ስንለው ከፊቱ «እ» ጨምረን 2 እናደርገዋለን። «ኤሪያ» ደግሞ በ4 ፊደል ብቻ 3 ሲላብል አለው። «ስትሬንግዝ» እማ ብዙ ፊደል ተሸክሞ 1 ሲላብል ነው!

«እሺ፣ ቢቆጠር ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። በጣም ይጠቅማል። ሁለት ነገሮችን ስናወዳድር «ቶል» 1 ሲላብል ስለሆነ «ቶለር» እንላለን። «ቢዩቲፉል» ግን 3 ስለሆነ ከፊቱ «ሞር» ይገባል። ሲላብል መቁጠር የማይችል ሰው «ሞር ቶል» ብሎ ይጽፋል፣ ፈተና ላይም ማርክ ይቀነስበታል። ረጅም ቃልም ሲቆራረጥ አያስፈራም። «ኢንፎርሜሽን» 11 ፊደል ነው፤ ግን ኢን፣ ፎር፣ ሜ፣ ሽን ብለን በ4 ከቆረጥነው በቃ፣ አለቀ።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። እጃችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጉና «ባናና» በሉ። አገጫችሁ ስንት ጊዜ ወረደ? 3 ጊዜ። በጭብጨባ መቁጠርም ይቻላል። አንዳንድ ልጆች «ጭብጨባ የኬጂ ነው» ይላሉ። እንዴ! ኳስ ሜዳ ትልልቅ ሰዎች ያጨበጭቡ የለ? እነሱን ማን ኬጂ ይላቸዋል?

የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ ቆሞ ሲያነብ ቃል ከተሳሳተ ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ለማንበብ እጁን አያወጣም። ካላነበበ ደግሞ መቼ ይለምዳል? የሳቁት ልጆች ራሳቸው «ስትሬንግዝ» አንብቡ ቢባሉ እኮ ዝም ነው የሚሉት። ስለዚህ ጓደኛችን ሲሳሳት ከመሳቅ ይልቅ አብረነው ብናጨበጭብና ብንቆጥርለት ይሻላል።

መምህሮቻችንንም በትህትና የምጠይቀው አለኝ። እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር 5 ደቂቃ ብቻ ወስደን የዕለቱን አዳዲስ ቃላት በጭብጨባ ብንቆጥር ጥሩ ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበባችንም ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በማይክ አንድ ቃል እየጠራ «ስንት ሲላብል ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ሁላችንም እንለምዳለን።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ፦ «ዩኒቨርሲቲ» ስንት ሲላብል ነው? በዓይን ሳይሆን በጆሮ ቁጠሩ!



ከ7ኛ ክፍል ተማሪ