ካላሸነፍን ተሰርቀናል ማለት ነው?

ጎበዝ፣ ምርጫ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው አንድ ንግግር አለ። ገና ኮሮጆ ሳይከፈት፣ ገና መራጭ ሳይሰለፍ፣ «የኛ ሰው ካላሸነፈ ድምፁ ተሰርቋል ማለት ነው» ይባላል። ተናጋሪው ጀግና ይመስለዋል፣ አጨብጫቢም አያጣም። እኔ ግን ልንገራችሁ፦ ውጤቱን ከቆጠራው በፊት የወሰነ ሰው ኮሮጆ ከሚገለብጠው ካድሬ የሚለየው ሥልጣን ስለሌለው ብቻ ነው።

«ይሄማ የመንግሥት ጠበቃ ነው» ለምትሉ፣ ትንሽ ታገሱኝና ወደ 1997 እንመለስ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝብ ሌሊት ተሰልፎ መረጠ። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ጠራርጎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አገኘ። በአገር አቀፍ ደረጃ ቦርዱ ባጸደቀው ውጤት 109 መቀመጫ ደረሰው። ቅንጅት ግን ያሸነፍኩት ከዚህ በላይ ነው፣ ተሰርቄያለሁ አለ።

ገዢው ፓርቲ ንጹሕ አልነበረም። መለስ ዜናዊ በምርጫው ዕለት ማታ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍ ከለከሉ። ቆጠራው ሳያልቅ ኢሕአዴግ አሸነፍኩ አለ። ሊሰናበት የተቃረበው ምክር ቤት ደንቡን ለወጠና ተቃዋሚ ብቻውን አጀንዳ እንዳያስይዝ አደረገ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በነበረው ተቃውሞ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ያረጋገጠው መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ነው፤ ሰብሳቢውም አገር ጥለው ተሰደዱ። የዚያ ደም ዕዳ የተኳሹና የአስተኳሹ ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ዳሩ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሸሽተን ያለፍነው ሌላ ጥያቄ አለ። እነዚያ 137 ወንበሮች የማን ነበሩ? የመሪዎቹ ነበሩ እንዴ? አልነበሩም። ሌሊት የተሰለፈው መራጭ ነበሩ። የቅንጅት አመራር የተሰረቀውን ለማስመለስ ያልተሰረቀውንም ጣለ። ፓርላማ አልገባም፣ ከተማዋንም አልረከብም አለ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ አዲስ አበባን ባላደራ አስተዳደር ያዛት፣ በ2000ው የአካባቢ ምርጫም ወደ ኢሕአዴግ ተመለሰች። በ2002 ከ547 ወንበር ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጪ የቀሩት 2 ብቻ ነበሩ። በ2007 አንድም አልቀረም።

ቅንጅት ቢገባ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብዬ አልምልም። ኢሕአዴግ ሌላ ሰበብ ይፈልግ ነበር ይሆናል። ነገር ግን የያዘውን ወንበር በገዛ እጁ ካስረከበ ተቃዋሚ ይልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተገፋ ተቃዋሚ ለማስወጣት ይከብዳል።

«የተሰረቀ ውጤት ተቀበል ትለናለህ ወይ?» አልልም። ክሰስ ነው የምለው፤ ለመክሰስ ደግሞ ወረቀት ያዝ። በሕጋችን የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ በጣቢያው ይለጠፋል። ታዛቢ ያላስቀመጠ፣ ያንን ወረቀት ያልሰበሰበ ፓርቲ ማይክ ይዞ «ተሰረቅን» ቢል ደጋፊውን ለዱላ ከማሳለፍ በቀር ምን ይፈይዳል?

ጋናን ተመልከቱ። ናና አኩፎ-አዶ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ተሸነፉ፣ ተቀበሉ። በ2012 እንደገና ተሸነፉ፤ የየጣቢያውን የውጤት ወረቀት ሰብስበው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሙ፣ ወራት ተከራከሩ፣ ተረቱ። በፍርዱ ባይስማሙም ተቀበሉ። በ2016 አሸነፉ። በ2024 ደግሞ የፓርቲያቸው ዕጩ ሲሸነፍ፣ ቦርዱ ውጤቱን ሳያውጅ ገና በማግስቱ ለተቃዋሚው ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለ።

ይህን የሚያደርጉት ጋናውያን ከኛ የተለየ ልብ ኖሯቸው አይደለም። በኛ በራያ ቆላ ክረምት ላይ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ የሚያርስ ገበሬ ይህን ነገር ያውቀዋል። ማሳ የሚጠጣው በተራ ነው። ተራው ያለፈበት ሰው ያማርራል፣ የውኃ አባቱን ያማል፣ ቦዩን ግን አይንድም። በሚቀጥለው ጎርፍ ለእሱም እንደሚደርሰው ያውቃላ! ዓመት ዓመት የሚጠጣው የአንድ ሰው ማሳ ብቻ ከሆነ ግን ቦዩን ለማፍረስ ዶማ የሚያነሳ አይጠፋም።

ስለዚህ ነገሬ ለአሸናፊውም ነው። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 ወሰደ። ቦርዱን የመሩት በ1998 ከቅንጅት አመራር ጋር ታስረው የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። ያኔ ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ወኅኒ የወረዱት ብርሃኑ ነጋ በ2013 ተወዳድረው ተሸነፉ፤ ከወራት በኋላም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ከ1997 ጋር ሲነጻጸር መሻሻል ነው፣ አልክድም። ግን የተቃዋሚ መሪ ካቢኔ ሲገባ፣ ለተቃውሞ ድምፁን የሰጠው መራጭ ማን ይናገርለት? ተቀመጠና ተናገረ የምንለው የአብን ተመራጭ ክርስቲያን ታደለ ደግሞ በ2015 ክረምት ታሰረ። ለተሸናፊ ወገን ክፍት የሆኑት በሮች ካቢኔና ወኅኒ ብቻ ከሆኑ «ውጤት ተቀበሉ» የሚለው ምክር ፌዝ ይሆናል።

እኛ ዋጃ ያለን ሰዎች ይህን እንደ ሩቅ ወሬ አናየውም። ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ትግራይ ለብቻዋ ምርጫ አካሄደች፤ ዋጃም ያኔ በዚያው አስተዳደር ሥር ነበረች። ህወሓት 98 በመቶ አገኘሁ አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው እንዳልተደረገ ይቆጠራል አለ። መቀሌ በበኩሏ የፌዴራሉ መንግሥት የሥልጣን ዘመኑ አብቅቷል አለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ሆነ። ጦርነቱን ያመጣው ምርጫው ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች የሚዳኙበት፣ ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ ግን አልነበረም። በ2013 ደግሞ በትግራይ የምርጫ ክልሎች ድምፅ አልተሰጠም። መሸነፍ ራሱ ያማረው ሕዝብ አለ ብላችሁ አስቡ፤ ለመሸነፍም መጀመሪያ መምረጥ ያስፈልጋል።

እናም ለቀጣዩ ምርጫ «ካላሸነፍን…» እያላችሁ የምትፎክሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ፉከራውን ወደ ሥራ ቀይሩት። በየጣቢያው ታዛቢ አስቀምጡ፣ የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ አንሱ፣ ደምሩ። ተሰርቃችሁ ከሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ክሰሱ። ካልተሰረቃችሁ ተሸንፋችኋል፤ ሞት አይደለም። ያገኛችሁት አንድ ወንበርም ቢሆን ግቡና ተቀመጡበት። የናንተ አይደለም፣ የመራጩ ነው።