አንበሳው ያለበት ብረት አይሞረድ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የአሜሪካ ገበያ በአሮጌ የጦር ጠመንጃ ተጥለቀለቀ። የጀርመኑ ማውዘር በርካሽ ይሸጥ፣ በፖስታም ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ብዙው ገዢ አፈሙዙንና ሰደፉን አውልቆ ይጥልና ጥይት የሚጎርስበትን፣ መቀርቀሪያው የሚመላለስበትን የመሐል ብረት ብቻ ያስቀር ነበር፤ በጋራዡ ውስጥ አዲስ የአደን ጠመንጃ የሚያዋቅረው በዚያ ላይ ነበር። በጊዜው ይህ አዋጭ ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ምክንያቱ አልቋል፤ የሚጠፋው ነገር ከሚገኘው በልጧል።

ብረቱ የተፈለገው ያለምክንያት አልነበረም። ፓውል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 የጀርመን ጦር የተቀበለውን ጠመንጃ ሲሠራ መቀርቀሪያውን ከፊት በሁለት ጥርስ ቆልፎ፣ ለክፉ ቀን ሦስተኛ ጥርስ ከኋላ ጨመረለት። ሰፊው ጥፍር ቀለሁን ገና ከመጋዘኑ ሲወጣ ይይዘዋል፤ እስኪተፋ ድረስ አይለቀውም። አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. የ1903ቱን ስፕሪንግፊልድ ከዚህ አቀራርባ ስለሠራች ለማውዘር ኩባንያ የፈጠራ መብት ክፍያ ከፍላለች።

ይሁን እንጂ ጥንካሬ ኢላማ መምታት ማለት አይደለም። ጥይትን አንድ ቦታ የሚያሳርፈው በዋናነት የአፈሙዙ ጥራትና ብረቱ በእንጨቱ ላይ ያለው አቀማመጥ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ አፈሙዙን በአንድ ጎን ከገፋው ትናንት መሐሉን የመታ ጠመንጃ ዛሬ ይስታል። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል፤ የመሐሉን ብረት ደግሞ በሚጠጥር ሙጫ አልብሶ ያስቀምጠዋል። ይህ ሁሉ ድካም በአዲስ ብረት ላይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበው ሬሚንግተን 700 አካሉ ድቡልቡል ስለሆነ በማሽን ለመሥራት ቀላልና ርካሽ ነው። አሮጌውን የመረጠ ሰው የአፈሙዙ፣ የሰደፉ፣ የምላጩና የመነጽር ማሰሪያው ወጪ ሲደመር ብዙ ጊዜ ከአዲስ ጠመንጃ ዋጋ ያልፍበታል።

የደህንነቱም ነገር አለ። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከ800,000 በታች ቁጥር የተሰጣቸው የ1903 ጠመንጃዎች ሲሠሩ የብረቱ ሙቀት በዓይን፣ በቅላቱ ይገመት ነበር። ፀሐይ ሲበረታ ቅላቱ ስለሚደበዝዝ ሠራተኛው ብረቱን ከልክ በላይ ያግለዋል፤ ከእነዚያ መካከል ተሰባሪ ሆነው የፈነዱ አሉ። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም፤ ጋራዥ ውስጥ ያለ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

ለእኛ ጉዳዩ ይበልጥ የቀረበ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከቤልጅየም የማውዘር ዓይነት ጠመንጃ ገዝቶ ነበር፤ አገሬው ቤልጅግ የሚለው ነው። የአንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸው አሉ። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ ብዙ አሮጌ ጠመንጃ ወደ አሜሪካ ገበያ ገብቷል። አንበሳው የሚቀመጠው ከአፈሙዙ ሥር፣ ጥይት በሚጎርስበት ብረት አናት ላይ ነው፤ የመነጽር ማሰሪያ የሚበሳውም፣ ለውበት ተብሎ የሚሞረደውም እዚያው ነው። ያ ምልክት ጠመንጃው ለማን እንደተሠራ የሚናገር ሰነድ ነው፤ አንዴ ከተሞረደ የሚመልሰው ባለሙያ የለም።

መሥራት የሚወድ ሰው ሥራውን ይተው አልልም። ከ70 ዓመት በፊት ተቆርጠው፣ ምልክታቸው ጠፍቶ በየሱቁ የተቀመጡ ማውዘሮች ሞልተዋል። ብረታቸውን በባለሙያ አስመርምሮ አዲስ አፈሙዝ ያስገጥምላቸው። አንበሳው ያለበትን ግን ከነእንጨቱ፣ ከነጭረቱ ይተወው።