ብሩስ ማለት የትኛው ብሩስ ነው?



አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ከመቃብር በላይ የዋለው ስም የማን እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅ ከሌለ፣ ስሙ መዋሉ ለባለቤቱ ምን ይጠቅመዋል? ይህን ጥያቄ ያስነሣኝ እኔው ራሴ የሠራሁት ስሕተት ነውና የሌላውን ከመንቀፌ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ።

ባለፈው ዓመት ስለ ከብት በሽታ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ በኮምፒዩተሩ ማውጫ «ብሩስ»፣ «አፍሪካ»፣ «ዝንብ» ብዬ ብፈልግ መዓት ጽሑፍ መጣልኝ። እኔም ብዛቱን እንደ ዕውቀት ቈጥሬ፣ በጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከብት የሚያስጨርሰውን ዝንብ በዓይኑ አይቶ፣ ቀጥሎም የበሽታውን ተሐዋሲ በማይክሮስኮፕ አገኘ ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከዳር በቀይ ቀለም «ሰውየው ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ተነሥቶ ነውን?» የሚል ሰፍሮበት አገኘሁ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም።

ሁለቱን ሰዎች ለይቼ ላቅርባቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ጄምስ ብሩስ በስተርሊንግ አውራጃ በኪኔርድ በ1730 ተወለደ። በ1769 በምጽዋ ወደብ ወርዶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ግሽ ዓባይ ደረሰ። የጉዞውን ታሪክ በ5 ቅጽ አሳትሞ ያወጣው በ1790 ሲሆን በ1794 ሞተ። በዚህ መጽሐፉ ውስጥ የቆላውን ከብት ስለሚያስበረግግና ስለሚፈጅ ዝንብ ጽፏል።

ዴቪድ ብሩስ ደግሞ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ በ1855 ተወለደ፤ ያደገው ግን በስተርሊንግ ከተማ ነው። የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበረ። በ1887 በማልታ ደሴት ወታደሮችን ያሠቃይ የነበረውን ትኩሳት ያመጣውን ተሐዋሲ ለየ። ከ1894 ጀምሮ በዙሉላንድ ተቀምጦ፣ እኛ ገንዲ የምንለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ መሆኑን አስረዳ። በ1903ም የእንቅልፍ በሽታን ለመመርመር ወደ ዩጋንዳ ተላከ።

እንግዲህ አስተውሉ። የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከስተርሊንግ ጋር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም አፍሪካን አይተዋል፤ ሁለቱም ስለ ዝንብ ጽፈዋል። በስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ቢሳሳት ይፈረድበታልን? አዎን፣ ይፈረድበታል! ዓመቱን ቢጠይቅ ኖሮ አይሳሳትም ነበርና።

ነገሩ በሰዎቹ ብቻ አያቆምም፤ ወደ ሳይንስ መዝገብም ይሻገራል። ጄምስ ብሩስ በአገራችን ሳለ የደም ተቅማጥ ይዞት ዋጊኖስ በሚባለው ዕፅ ታክሞ ድኗል። የዕፅዋት ሊቃውንትም ለእርሱ መታሰቢያ ዕፁን ብሩሴያ ብለው ሰየሙት። በ1819 ፔልቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከአንድ ቅርፊት መራራ መርዝ አወጡና፣ ቅርፊቱ የብሩሴያ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ መርዙን ብሩሲን አሉት። በኋላ ሲጣራ ቅርፊቱ የሌላ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን አልተመለሰም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ብሩሲን እንደ ተባለ ቀረ። እንግዲህ ዋጊኖስ ባልሠራው ወንጀል ስሙ ከመርዝ ጋር ሲነሣ ይኖራል ማለት ነው።

በሌላው ወገን የማልታው ትኩሳት ተሐዋሲ በ1920 ብሩሴላ ተባለ፤ የገንዲው ተሐዋሲም ቀደም ሲል በ1899 ትሪፓኖሶማ ብሩሴይ ተብሎ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የዴቪድ መታሰቢያ ናቸው። ብሩሴያ፣ ብሩሲን፣ ብሩሴላ፣ ብሩሴይ! በአንድ ገጽ ላይ ቢደረደሩ የአንድ ሰው ርስት ይመስላሉ። አንዱ የጎንደሩ እንግዳ ነው፤ አንዱ የስሕተት ልጅ ነው፤ ሁለቱ የሐኪሙ ናቸው።

ታዲያ የመጀመሪያውን ስም መጨመር ይበቃል እንዳይባል፣ ሌላም ጄምስ ብሩስ አለ። ይኸኛው 8ኛው የኤልጊን መስፍን ነው፤ ከ1811 እስከ 1863 ኖረ፤ ካናዳን ገዛ፤ በ1860 በቤጂንግ የቻይና ነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት እንዲቃጠል ያዘዘ እርሱ ነው፤ የሞተውም የህንድ እንደራሴ ሆኖ ሳለ ነው። ከአቴና የፓርቴኖንን ቅርጾች ያስነቀለው 7ኛው መስፍን ቶማስ ብሩስ አባቱ ነው። በደቡብ ዋልታ የበረዶ ባሕር ከ1902 እስከ 1904 የስኮትላንድን የጥናት ቡድን የመራም ዊልያም ስፒርስ ብሩስ የሚባል አለ። በአንድ የመዝገብ ቤት ሣጥን «ጄ. ብሩስ» የሚል ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ያገኘ ተመራማሪ፣ ቀኑንና ቦታውን ካልመረመረ፣ የጎንደሩን መንገደኛ ቤጂንግ ድረስ ወስዶ ቤተ መንግሥት ሊያስቃጥለው ነው።

«ስማቸው አንድ ከሆነ ዘራቸውም አንድ ነውና ከአንድ ግንድ ብናያቸው ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይህም አያስኬድም። የጎንደሩ ብሩስ በ1306 ዘውድ ከጫነው ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ ዘር ነኝ እያለ ይኮራ ነበር። ይሁን እንጂ የአባቱ አባት በትውልዱ ብሩስ አልነበረም። ስሙ ዴቪድ ሄይ ነበር፤ የኪኔርድን ወራሽ ወይዘሮ ሄለን ብሩስን ሲያገባ ከርስቱ ጋር ስሟንም ወሰደ። ስለዚህ የልጅ ልጁ ብሩስነት በአያቱ ሚስት በኩል የመጣ ነው። ብሩስ የሚለው ስም ራሱም ከኖርማንዲ፣ ብሪ ከምትባል ሥፍራ የመጣ ነው ይባላል። እንግዲህ የቤተሰብ ስም በደም ብቻ ሳይሆን በጋብቻም በርስትም ይተላለፋል። ስም ምስክር ነው፤ ግን ብቻውን የማይበቃ ምስክር ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ አንድ ስም የሌላውን ድካም ሲሸፍን ነው። የሐኪሙ የዴቪድ ሚስት ሜሪ ኤልሳቤጥ በማልታም በዙሉላንድም በዩጋንዳም አብራው ነበረች፤ በማይክሮስኮፕ ትመረምር፣ ያየችውንም ትሥል ነበር። በአንዳንድ ጽሑፎች ስሟ ከደራሲዎቹ ጋር «እመቤት ብሩስ» ተብሎ ታትሟል፤ በተረፈ ግን «ብሩስ አገኘ» ሲባል የእርስዋ ድካም በባሏ ስም ተውጦ ይነበባል። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሠዓሊም ከጄምስ ብሩስ ጋር አገራችን መጥቶ፣ ዕፅዋታችንንና አራዊታችንን ሥሎ፣ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ የዚህን ሰው ድርሻ አሳንሶታል። ሥዕሎቹ ከብዙ ጊዜ በኋላ በሊቃውንት ተመርምረው ለባለቤታቸው እስኪመለሱ ድረስ በብሩስ ስም ሲጠሩ ኖሩ።

ወገኖቼ፣ «የስኮትላንድ ሰዎች ስም ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩስ የእኛው ነው። እነርሱ ስማቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ ስለ ሆነ ይምታታባቸዋል። እኛ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንድ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱ ስም ማን መሆኑን ያስረዳል። የውጭው ማውጫ ግን የአባታችንን ስም እንደ ብሩስ ቈጥሮ ያስቀድመዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት የሚናገረው ታላቅ መጽሐፍ፣ በብዙ ጽሑፎች ውስጥ «ታምራት» ተብሎ ይጠቀሳል። ሥራው የልጁ ሆኖ ሳለ አባት ደራሲ ሆኑ ማለት ነው። አባታቸው ተስፋዬ የሆነ ሁለት ባልንጀሮች ቢጽፉም ሁለቱም «ተስፋዬ» ተብለው እንደ ወንድማማች ይቈጠራሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለም? መልአክ ያወጣውን ማውጫ ሲያጠፋው ዝም ብለን እንይ?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በምንጽፈው ጽሑፍ ሁሉ ሰውን በመጀመሪያ ስንጠቅስ ሙሉ ስሙን፣ የኖረበትን ዘመንና ሥራውን እንጻፍ፤ አንዲት መስመር ብትጨምር ቀለም አያልቅም። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያዊን ደራሲ በራሱ ስም አስቀድመን ከነአባቱ ስም እንጥቀስ፤ የኢትዮጵያን ጥናት የሚያውቁ የውጭ ሊቃውንትም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሦስተኛ፣ ጽሑፋቸውን ወደ ውጭ መጽሔት የሚልኩ መምህራንና ተማሪዎች ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ይያዙ። ይህ ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪ ሁሉ በነፃ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ ቍጥር ነው። ሞክሼ ቢበዛ ቍጥሩ አይሞከሽም።

ቍጥሩ ግን ሙታንን አይለይልንም። ጄምስም ዴቪድም ሜሪ ኤልሳቤጥም ባሉጋኒም ቍጥር የላቸውም። እነርሱን የሚለይላቸው የአንባቢ ትጋት ብቻ ነው። በመዝገብ ቤት የተኛ ሰው ተነሥቶ «እኔ እርሱ አይደለሁም» ብሎ መሟገት አይችልም፤ ጠበቃው እኛ ነን። እንግዲህ ከእንግዲህ ወዲያ «ብሩስ እንዳለው» የሚል ጽሑፍ ባየን ጊዜ፣ የጓደኛችንም ቢሆን፣ የመምህራችንም ቢሆን፣ አክብረን እንጠይቅ፤ የትኛው ብሩስ?