የአያትን ገንፎ ከመከልከላችን በፊት

ቲክቶክ ላይ «ስኳር ያለበት ካርቦሃይድሬት ይተው» የሚል ቪዲዮ ስናይ ወዲያው ለቤተሰብ እንልካለን። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ገንፎም እንጀራም ሰውነት ውስጥ ስኳር ይሆናሉ፣ መጠናቸውን መቀነስ የደም ስኳርንም ክብደትንም ያወርዳል። ግን መንጌ ያሉ አያት የማሽላ ገንፏቸውን ትተው ምን ይብሉ? ቪዲዮው የሚያዘው ሥጋ፣ እንቁላልና አቮካዶ በየቀኑ ሲገዛ ስንት ይመጣል? መፍትሔው እዚያው ሳህናቸው ላይ ነው፦ ገንፎው ይነስ፣ የባሚያው ወጥ ይብዛ። በማንጎ ወቅትም ቁራጭ ይበቃል።

ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚውጡ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉ አዛውንት ምግብ ድንገት ቢቀንሱ ስኳራቸው ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ስታዩ «ያው እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። መዋጥ ከቻሉ 3 ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ስለዚህ ቪዲዮውን ከመላካችሁ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ጠይቁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ያስተካክል፤ ገንፎው ከዚያ ይቀነሳል።