ባልና ሚስት በእንጦጦ

በዓል በቀረበ ቁጥር ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚዘዋወር አንድ ጥያቄ አለ። ቀድሞ «ለበዓል ምን ታርዳላችሁ?» ነበር የምንባባለው፤ ዛሬ ግን «ለበዓል የት ትወጣላችሁ?» ሆኗል። መውጣቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ዓመት ሙሉ በወረቀት ክምር ወይም በፈተና ጥናት የደከመ አእምሮ አየር መለወጥ ይወዳል፤ ይገባዋልም። ዳሩ ግን ለመዝናናት ብሎ ዕዳ የገባ ሰው ዐረፈ ለማለት ያስቸግራል፤ ጭንቀቱን ከቤቱ ይዞት ወጥቶ መልሶ ይዞት ይገባልና።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሡኝ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በኮተቤ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶቼ ናቸው። ስማቸውን አላነሣም፤ ነገራቸውን ግን እንዳወጋችሁ ፈቅደውልኛል። ባል በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ሚስት አስተማሪ ናት። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማታ ተያይዘው መጡና «ጋሼ፣ እባክዎ ያስማሙን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባል ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ተበድሮ፣ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሦስት ሌሊት ሊያድሩ አስቧል። ብድሩ ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ የሚያልቀው በስምንት ወር ነው። ሚስት ደግሞ «ለሦስት ሌሊት ስምንት ወር? እንዲህ ያለ አልጋ ላይ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለች። ፍርዱ ቀላል መስሎኝ «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለውን ተረት ልጠቅስ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ እኔን ሆቴሉ አምሮኝ አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር ዘመድ ይሰበሰባል። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ‹ዘንድሮስ ምን ይዛችኋል?› ነው። ከዚያ ሁሉም ዐይኑን እሷ ላይ ይጥላል። አምና በዓሉ ዕለት ወጡን እያማሰለች ስታለቅስ አገኘኋት፤ ‹ሽንኩርቱ ነው› አለችኝ።»

ሚስት አቀርቅራ ዝም አለች። እኔም ተረቴን ዋጥሁት። ለካስ የሚፈልጉት ሐይቅ አልነበረም፤ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው የሚውሉበት አንድ ቀን ነበር።

«እንግዲያውስ» አልኋቸው፤ «ቤተ መንግሥት ውላችሁ ኑ። ያውም አብረው ልጅ ያላፈሩ ባልና ሚስት ከኖሩበት ቤተ መንግሥት።»

ያልኋቸው የእንጦጦውን ነው። እናንተም፣ አንባቢዎቼ፣ ስለ እንጦጦ በትምህርት ቤት ሳትማሩ አልቀራችሁም፤ ዳሩ ግን የተማራችሁት እንደ ነገሥታት ታሪክ እንጂ እንደ ባልና ሚስት ታሪክ አይደለም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር ይዘው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ምኒልክ ከሌላ የተወለዱ ልጆች ነበሯቸው፤ ጣይቱ ግን አልወለዱም። ከሁለቱ አንድነት ልጅ አልተገኘም።

በዚያን ዘመን የንጉሡ ከተማ እንጦጦ ነበረ። ተራራው ሦስት ሺህ ሜትር ያለፈ ከፍታ ያለው በመሆኑ ለጠላት አይመችም፤ ችግሩ ለነዋሪውም አለመመቸቱ ነው። ነፋሱ ብርቱ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ነው፤ ዛፉም ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። ስለዚህ ንጉሡና ባለቤታቸው ጊዜ ሲያገኙ ወደ ግርጌው፣ ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ነበር። እስቲ አስተውሉት፤ ይህ ሌላ ምንም ሳይሆን የዕረፍት ጉዞ ነው። ባልና ሚስት ብርዱን ከላያቸው ሊያስወጡና ገላቸውን ሊታጠቡ ከቤታቸው ወጡ። ጣይቱ ሥፍራውን ወደዱት፤ በዚያም ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ባላቸውም እሺ አሉ። በ1879 ዓ.ም. ቤቱ ተሠራ፤ ሥፍራውንም ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ዛሬ ታክሲ ለመሳፈር የምንሰለፍባት፣ ኪራይዋ የሚያማርረን ይህች ከተማ እንግዲህ የተቆረቆረችው በአንድ የባልና ሚስት የዕረፍት ጉዞ ምክንያት ነው።

ዘውዱ ግን የተጫነው እላይ ተራራው ላይ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተባሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ጣይቱ የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። ከዚያ በኋላ ወደ ዐድዋ አብረው መዝመታቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

«ታዲያ ቤቱ እንዴት ያለ ነው? እንደ አራት ኪሎው ነው?» ብላ ሚስት ጠየቀችኝ። እናንተም ይህን መጠየቃችሁ አይቀርምና ልንገራችሁ። ዕብነ በረድና የወርቅ ቅብ እንዳትጠብቁ። የእንጦጦው ቤተ መንግሥት ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ነጭ የተቀባ፣ ጣራው ሣር የለበሰ ነው። አዳራሹና መኖሪያው በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። አያቶቻችን በገጠር የሠሩትን ቤት ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ስፋቱና የእጅ ሥራው ላይ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከእንዲህ ዓይነት ቤት ወጥቶ ዘውድ መጫኑን ስታዩ፣ የተከራያችኋት አንድ ክፍል ቤት ያን ያህል የምታሳፍር አትመስላችሁም።

በአጠገቡ ስምንት ማዕዘን ያላት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚያው የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል፤ አልባሳት፣ ዘውዶች፣ ነጋሪትና ለቤተ ክርስቲያኒቱ የተሰጡ ስጦታዎች ይታዩበታል። ሙዚየሙ በዓል ላይ ሊዘጋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፎቶግራፍም ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከየካ የሚነሣ ሰው በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። እዚያ የሸማኔዎቹን ሱቆች ማየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኪስ የሚነካው ዋጋ መጠየቅ ሲጀመር ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በታክሲ መውጣት ይቻላል። ጕልበት ያለው በእግሩ ይውጣ፤ ነገር ግን አየሩ ቀጭን ነውና ቀስ ይበል። ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ ከተማው ፀሐይ ሲሆን ተራራው ላይ ይበርዳል። ምሳችሁን ቋጥራችሁ ውጡ፤ የበዓል ዳቦና አይብ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል? መዋያ የፈለገ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ እዚያው ነው፤ የእግር መንገድም፣ ምግብ ቤትም፣ ማደሪያም አለው። ሁለተኛ ቀን ያለው ደግሞ ወደ ሠፈራችን ተመልሶ በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለውን፣ ጣራው የወደቀውን ዋሻ ሚካኤልን ይይ። መንገዱ ጫካ ለጫካ ስለ ሆነ የአካባቢውን ሰው ይዞ መሄድ ይሻላል።

በጫካው ስትሄዱ ደግሞ ባሕር ዛፉን ተመልከቱት። ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ማገዶ ባለቀ ቁጥር ከተማ ማዛወር የአገራችን ነገሥታት ልማድ ነበር፤ አዲስ አበባ ከዚህ የዳነችው ይህ ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግላት ነው። ያንን ማገዶ ለብዙ ዘመን በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ ሲያወርዱልን የኖሩትን እናቶች ሳያስቡ በዚያ ጥላ ሥር ማረፍ ውለታ መርሳት ነው።

ሆቴል ማደር ነውር ነው እያልሁ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን የመጀመሪያውን ሆቴል ያቆሙት ራሳቸው እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ዛሬም በፒያሳ በስማቸው ይጠራል። ያለው ሰው ከፍሎ ይደር። እኔ የምለው፣ የሌለው ሰው ያላረፈበትን ሌሊት ስምንት ወር አይክፈል ነው።

ለጎረቤቶቼ አንድ ነገር ጨመርሁላቸው። «እዚያ ቤት ደጃፍ ስትደርሱ፣ የመጨረሻውንም ዘመን አስቡት» አልኋቸው። ምኒልክ ብዙ ዓመት ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሙት ጣይቱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሥልጣን ያልነበራቸው እቴጌ ወደ እንጦጦ ተመለሱ፤ ወጣት ሳሉ ብርዱን ሸሽተው ከወረዱበት ተራራ በስተርጅና ብቻቸውን ወጡ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ መኖሪያቸው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ነበር። በኋላ ዐፅማቸው ወርዶ በአራት ኪሎ በታዕካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ከባላቸው ጎን ዐረፈ። ስለዚህ ከእንጦጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው በአራት ኪሎ በኩል ሲያልፍ፣ እላይ ቤታቸውን ያየላቸው ባልና ሚስት እታች አንድ ላይ ተኝተው ያገኛቸዋል።

ልጆቹ የፋሲካ ማክሰኞ ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ለጉንፋኔ ብለው አንድ እቅፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል አመጡልኝ። ፊታቸው በነፋስ ቀልቷል። ከገንዘባቸው ያወጡት የታክሲና የመግቢያ፣ የሁለት ስኒ ቡናም ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱ ትንሽ ነው እኮ» አለችኝ ሚስት። «እኔ ትልቅ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ብዙ ቆየን።»

«ምን አወራችሁ?»

እሷ ወደ ባሏ ተመለከተች። እሱ ጥቂት አፍሮ «ሐኪም ዘንድ ሁለታችንም እንድንሄድ ተስማማን» አለ። «እስከ ዛሬ የምትመረመረው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ሥራ አለብኝ እያልሁ ቀርቼ ነው።»

አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ስሰማ እኔም አፈርሁ። አራት ዓመት ሙሉ የዘመዱ ዐይን፣ የመንደሩም ዐይን፣ ምናልባት የእኔም ዐይን የሚያርፈው በእሷ ላይ ነበር። ሸክሙ የሁለት ሆኖ ሳለ አንዷ ስትሸከመው ኖራለች። ይህን ለመነጋገር የሐይቅ ዳር ሆቴል አላስፈለጋቸውም፤ ያስፈለጋቸው ከዘመድና ከሥራ የራቀ አንድ ቀን፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥም አንድ ደረጃ ነበር። በሐይቁ ዳርም ቢሆን ሊነጋገሩት ይችሉ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይቻል ነበር፤ ግን በየወሩ የሚቆረጠው ብድር እንደገና ያጣላቸው ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ ዘመድ ተሰበሰበ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ጠላው ተቀድቶ ጨዋታው ሲሞቅ፣ እንደ ልማዱ ያ ጥያቄ ከአንዲት አሮጊት አክስት አፍ ወጣ። ሚስት ወደ ወጥ ቤት ልትነሣ ስትል ባል እጇን ያዘና «እትዬ፣ እግዚአብሔር ሲሰጠን እንነግርዎታለን። እስከዚያ ግን እኛ ሁለት ነን፤ ሁለትም ቤተሰብ ነው» አለ። አክስትየዋ ትንሽ ዝም አሉና «እውነትህን ነው ልጄ፤ በሉ ቡናው ይፈላ» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ። የዚያን ዕለት ሽንኩርት የከተፈው እሱ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።

እንግዲህ ያገባችሁ ወጣት ሠራተኞች፣ ገና የምታጩ ተማሪዎችም፣ የሚመጣው በዓል ሳይደርስ አስቡበት። ለበዓል የት እንደምትወጡ ከመጠየቃችሁ በፊት ከምን ልትሸሹ እንደምትወጡ ተጠያየቁ። መልሱ ከተገኘ መንገዱ ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው፤ ለእኛ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ከራሳችን በላይ ቆሞ ያየናል።

ጎረቤቶቼን በተመለከተ «ታዲያ ልጅ መጣ ወይ?» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። እኔም አልጠየቅኋቸውም።