ቴፕ ሲቆጠብ ሚሊዮን ሲከሰር

በንግድ ዓለም ወጪ መቀነስ የሚያስመሰግን ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ‹‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች›› የሚለው ተረት በኮምፒዩተር ክፍል በር ላይ ሊለጠፍ የሚገባበት ጊዜ አለ። ይኸውም አንድ ድርጅት የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ በያዘ ቴፕ ላይ ሌላ ቅጂ በሚቀዳበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2002 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪዎች አምስት ታላላቅ የደላላ ድርጅቶችን በድምሩ 8 ነጥብ 25 ሚሊዮን ዶላር ቀጡ። ድርጅቶቹ ዶይቼ ባንክ፣ ጎልድማን ሳክስ፣ ሞርጋን ስታንሌይ፣ ሳሎሞን ስሚዝ ባርኒ እና ዩ ኤስ ባንኮርፕ ፓይፐር ጃፍሬይ ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 1 ነጥብ 65 ሚሊዮን ነበር። የተከሰሱት ገንዘብ ሰውራችኋል ተብለው ሳይሆን፣ ለሦስት ዓመት መያዝ የነበረባቸውን የኢሜይል ደብዳቤ በአግባቡ አልያዛችሁም ተብለው ነው። ቴፕ አልነበራቸውም እንዳይባል ነበራቸው፤ ቀድተውበትማል። ግን አንዳንዶቹ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቴፑን ጥለውታል፣ ወይም በላዩ ላይ ሌላ ቀድተውበታል። ድርጅቶቹ ክሱን ሳያምኑም ሳይክዱም ቅጣቱን ለመክፈል ተስማሙ። በቴፕ ዋጋ ያተረፉት ከዚህ ቅጣት ጋር ሲመዛዘን ምን ያህል እንደሚሆን ነጋዴ ያውቀዋል።

ጥፋቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለመረዳት የቴፑን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ቴፕ እንደ ሙዚቃ ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ በተራ የሚነበብ ነው። ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ዩኒክስና ዘመዱ ሊኑክስ የቴፕ ማጫወቻውን በሁለት ስም ይጠሩታል። በአንደኛው ስም ሲታዘዝ ሥራው እንዳለቀ ቴፑን ወደ መነሻው ያጠነጥነዋል፤ በሁለተኛው ሲታዘዝ ግን በደረሰበት ያቆመዋል። የሰኞን ቅጂ በመጀመሪያው ስም የቀዳ ሠራተኛ የማክሰኞውን ከሰኞው ቀጥሎ ያስገባ ይመስለዋል። ቴፑ ግን ተጠንጥኖ አድሯልና ማክሰኞ በሰኞ ላይ ያርፋል። የማክሰኞው ቅጂ ትንሽ ቢሆንም ማጫወቻው በመጨረሻው ላይ አዲስ የማብቂያ ምልክት ስለሚያኖር፣ ከምልክቱ ወዲያ የቀረው በተለመደው መንገድ አይነበብም። ኮምፒዩተሩም ‹‹እርግጠኛ ነህ ወይ?›› ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ሲባል ግን ቴፕን ደግሞ መጠቀም ስህተት ነው ማለት አይደለም። ቴፕ የተሠራው ተደጋግሞ እንዲቀዳበት ነው። በሙያው የታወቀው ‹‹አያት፣ አባት፣ ልጅ›› የተባለው አሠራር ይህንኑ ያስተምራል። የየዕለቱ ቴፕ ልጅ ነውና በሳምንቱ ተመልሶ ይቀዳበታል። የየሳምንቱ አባት በወሩ ይመለሳል። የወር መጨረሻው አያት ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀመጣል። ችግሩ የሚመጣው የትኛው ቴፕ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ሕጉና የሂሳብ መዝገቡ መሆኑ ቀርቶ፣ መደርደሪያው ላይ ባዶ ቴፕ መጥፋቱ ሲሆን ነው።

‹‹እንዲህ ከሆነስ ሁሉንም ማስቀመጥ ይሻላል›› የሚሉ አይጠፉም። ሞርጋን ስታንሌይ በሌላ ክስ የገጠመው ይህንንም የሚያስታውስ ነው። በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተቀምጠው ሳይመረመሩ የቀሩ ከ1,400 በላይ ቴፖች ዘግይተው በመገለጣቸው፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ዳኛዋን እጅግ አስቆጣ። ከዚያም 1 ነጥብ 45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ተፈረደበት። በ2007 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ቢሽረውም፣ በመካከሉ ያለፈው ጭንቀት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ ያለ መዝገብ ማጥፋትም ያለ መዝገብ ማከማቸትም እኩል አደጋ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ካሴት ላይ በስህተት እንዳይቀዳ ጠርዙ ላይ ያለችው ፕላስቲክ እንደምትሰበረው ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ቴፕም መቅዳትን የሚከለክል መቆለፊያ አለው። አንዴ ከተቀዳባቸው በኋላ በላያቸው ሌላ መቅዳት የማይቻል ቴፖችም በገበያ ላይ አሉ። ለማይጠፋ ሰነድ የሚበጁት እነዚህ ናቸው።

ከዚህ የሚቀረው የባለቤቱ ድርሻ ነው። ማንኛውም የድርጅት ባለቤት የኮምፒዩተር ሠራተኛውን ጠርቶ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቀው ከቴፕ ዋጋ የሚበልጥ ያተርፋል። በየቴፑ ላይ እስከ መቼ እንደማይነካ ቀኑ ተጽፏል ወይ? አሮጌው ቴፕ ከመጥፋቱ በፊት አዲሱ ቅጂ ተነቦ ተረጋግጧል ወይ? ይጥፋ ብሎ የሚፈርመውስ ማነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ‹‹ማንም›› የሚል መልስ የተሰጠበት ድርጅት፣ የብብቱን የጣለበትን ቀን የሚያውቀው ሰነዱን ሲጠየቅ ነው።